«ሴትዮዋ እኮ ወንድ ናት!» — የትሬቨር ኖዋን መጽሐፍ እንዴት እናንብበው?

የትሬቨር ኖዋን «ቦርን ኤ ክራይም» ያነበቡ ጓደኞቼን ስለ መጽሐፉ ስጠይቃቸው፣ ሁሉም ማለት ይቻላል የሚያወሩልኝ ስለ እሱ ሳይሆን ስለ እናቱ ነው። አንዷማ በአማርኛ፣ ያውም በእናቷ አነጋገር፣ «ሴትዮዋ እኮ ወንድ ናት!» አለችኝ። ምስጋና መሆኑ ነው። ቤታችን ውስጥ አንዲት ሴት በጣም ስትመሰገን የሚሰጣት ማዕረግ ይሄ ነው፤ ሴትነቷን ወስደን ወንድነት እንሸልማታለን። እኔ ደግሞ መጽሐፉን ሁለተኛ ጊዜ ካነበብኩ በኋላ ይህቺ ምስጋና ትቆረቁረኝ ጀመር። «ጠንካራ እናት» ብለን አድንቀን መጽሐፉን ስንዘጋ ምን ሳናይ እናልፋለን?

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልናገር። ትሬቨር ኖዋ አሜሪካ ውስጥ «ዴይሊ ሾው» የተባለውን የቀልድና የዜና ፕሮግራም ከ2015 እስከ 2022 የመራ ደቡብ አፍሪካዊ ኮሜዲያን ነው። መጽሐፉ የወጣው በ2016 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የተወለደው በየካቲት 1984 ጆሃንስበርግ ውስጥ ሲሆን፣ እናቱ ፓትሪሺያ ኖምቡይሴሎ ኖዋ የኮሳ ተወላጅ ጥቁር ሴት፣ አባቱ ሮበርት ደግሞ ነጭ፣ የስዊስ ሰው ነው። በአፓርታይድ ሕግ ይህ ልጅ መኖር አልነበረበትም። በነጭና በጥቁር መካከል ከጋብቻ ውጭ የሚደረግ ግንኙነት ከ1927 ጀምሮ ወንጀል ነበር፤ ወንዱን እስከ 5፣ ሴቷን እስከ 4 ዓመት ያሳስራል። በ1949 ደግሞ ጋብቻውም ራሱ ተከለከለ። መጽሐፉ የሚከፈተው በዚያ በ1927 ሕግ ቃል ነው። እሱ በተወለደበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው ግን በ1957 የተተካው ሕግ ነበር፤ ይኸኛው ቅጣቱን ለሁለቱም ወገን እስከ 7 ዓመት አድርሶታል። ስለዚህ «ወንጀል ሆኜ ተወለድኩ» የሚለው ርእስ ማጋነን አይደለም። ልጁ የወንጀሉ ማስረጃ ነው፤ የፊቱ ቀለም ብቻውን ይመሰክራል።

ሕጉ በ1985 ተሻረ፤ ያኔ ልጁ ገና የአንድ ዓመት ሕፃን ነው። «ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን አስፈራቸው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ሰው በቀለሙ የት መኖር እንዳለበት የሚወስነው ሕግና ሰውን ሁሉ በዘር የሚመዘግበው ሕግ፣ ሁለቱም በ1950 የወጡት፣ እስከ 1991 አልተነሡም። አብሮ መተኛት ተፈቀደ፣ አብሮ መኖር ግን አልተፈቀደም ማለት ነው።

እዚህ ላይ የቃል ችግር አለብን። የአፓርታይድ መዝገብ ሰውን ነጭ፣ ጥቁር፣ ሕንዳዊና «ከለርድ» እያለ ይለይ ነበር። «ከለርድ»ን በአማርኛ «ክልስ» ብሎ መተርጎም ይቀላል፤ ልክ ግን አይመጣም። ክልስ ማለት እናቱና አባቱ ከሁለት ዘር የሆኑ አንድ ሰው ነው። ከለርድ ግን ብዙ ትውልድ የኖረ፣ የራሱ ሰፈር ያለው፣ አብዛኛው አፍሪካንስ የሚናገር ሕዝብ መጠሪያ ነው። በዕብራይስጥ «ጽቭዖኒ» እንለዋለን፤ እሱ ደግሞ የቱሊፕ አበባም ስም ስለሆነ ነገሩን ሁሉ የአትክልት ቦታ ያስመስለዋል። ትሬቨር ክልስ ነው እንጂ ባደገበት ባህል ከለርድ አይደለም። በመዝገብ ከለርድ ቢባል ከእናቱ ጋር አንድ ሰፈር መኖር አይችልም፤ ሶዌቶ አያቱ ቤት ሲሄድ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ነጭ ነው የሚሉት። የመጽሐፉ ቀልድም ሐዘንም በብዛት የሚፈልቀው ከዚህ ክፍተት ነው። አያቶቻችን «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ሲሉ የልጆች ጠባይ አንድ አይደለም ማለታቸው ነው። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን ዥንጉርጉርነቱ የእውነት የቀለም ጉዳይ ይሆንና መንግሥት ፖሊስ ይልክበታል።

አሁን ወደ እናትየዋ። ፓትሪሺያ ጥቁር ሴት ፋብሪካ ወይ የነጭ ቤት ካልገባች ሥራ በማታገኝበት ዘመን ታይፕ መምታት ተማረችና ቢሮ ተቀጠረች። ከዚያ ጥቁር እንዳይኖርበት በተከለከለው በመሃል ከተማ፣ ሂልብሮው በሚባል ሰፈር መኖር ጀመረች። የቤቱ ኪራይ በአንድ ጀርመናዊ ስም ነው። እሷ ደግሞ ስትገባ ስትወጣ የምትለብሰው የቤት ሠራተኛ ጋውን ገዛች፤ በነጭ ሰፈር ጋውን የለበሰች ጥቁር ሴት «ወዴት ነሽ?» አትባልማ። አንዳንዴ ትያዛለች። ቅጣቱ 30 ቀን እስር ወይም 50 ራንድ ነበር፤ 50 ራንድ የወር ደመወዟን ግማሽ ይጠጋል። ከፍላ ትወጣና እዚያው ቤቷ ትመለሳለች።

ቀጥሎ ልጁ ተወለደ። የዚህን ቀለም ልጅ ይዞ በመንገድ መሄድ ራስን ማጋለጥ ነው። ፓትሪሺያ ሰፈሩ ውስጥ የምትኖር አንዲት ከለርድ ሴት ፈልጋ ለመነች። ከለርዷ የልጁን እጅ ይዛ እናት መስላ ከፊት ትሄዳለች፤ ወላጅ እናቱ ጋውኗን ለብሳ ሞግዚት መስላ ከኋላ ትከተላለች። ከዚያ ጊዜ የተረፉ ፎቶግራፎች አሉ ይላል ትሬቨር፤ በፎቶው መሃል ልጅና «እናት»፣ ከኋላ ደግሞ ሳታስበው ፎቶ ውስጥ የገባች የምትመስል ጥቁር ሴት። ብቻቸውን ሆነው ፖሊስ ካዩም እጁን ለቅቃ፣ ልጁ የእሷ እንዳልሆነ ሆና ፈንጠር ትላለች። አባትየውማ ይብሳል፤ መናፈሻ ውስጥ ልጁ «አባዬ!» እያለ ሲከተለው ሰው እንዳይሰማ ሮጦ ያመልጣል። ልጁ እየተጫወቱ ነበር የሚመስለው።

ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው ክፍል ይሄ ነው፤ «ወንድ ናት» የሚለው ምስጋናም የሚፈርሰው እዚሁ ነው። ጥንካሬ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው የሚጮህና የሚጋፈጥ ሰው ነው። የፓትሪሺያ ጥንካሬ ግን ዝቅ ብሎ መታየት፣ ከገዛ ልጇ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ መቅረት ነው። ሥርዓቱ ጥቁርን ሴት በነጭ ሰፈር የሚያያት በአንድ መልክ ብቻ ነበር፣ በሠራተኛነት። እሷ ያንን የዓይን ጉድለት አጥንታ በውስጡ ቤት ሠራችበት። ይህ ጀብዱ ሳይሆን ሒሳብ ነው፦ ኪራይ በማን ስም፣ መቀጫው ስንት፣ ጎረቤት ማን ይታመናል፣ የትኛው ልብስ በየትኛው ሰዓት። ትሬቨር ይህን ሁሉ በዝርዝር ስለነገረን ምስጋና ይገባዋል፤ «እናቴ ጀግና ነበረች» ብሎ ቢያልፈው ኖሮ ምንም አናይም ነበር።

የእኔም እናት ለዓመታት ቢሮ አጽድታለች። የጽዳት ልብሷን ለብሳ በኮሪደሩ ስታልፍ ማንም ድምፁን ዝቅ አያደርግም ነበር። «ዕቃ ነው የምንመስላቸው፤ ይሄ ዕቃ ግን ይሰማል» ትላለች እየሳቀች። ዕብራይስጧ ከሚያስቡት በላይ ስለነበር በዚያ ሕንጻ ማን ሊባረር እንደሆነ ከተባራሪው ቀድማ ታውቅ ነበር። የፓትሪሺያን ጋውን ሳነብ ያቺ ሳቋ ትዝ አለችኝ።

ይህን ስል ግን አንድ ነገር ይለይልኝ። ከእኛ ትውልድ «ይሄ መጽሐፍ የኛ ታሪክ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። እናቴ የምትኖርበትን ሰፈር የመረጠላት ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኔን በመውለዷ ግን ፖሊስ አይፈልጋትም ነበር። በወረቀት ላይ በሕግ የተጻፈ መለያየት ሌላ፣ በዓይንና በአፍ የሚኖር መናቅ ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ ካደረግናቸው የነፓትሪሺያን መከራ እናሳንሳለን፤ የራሳችንንም በደል በትክክለኛ ስሙ ሳንጠራው እንቀራለን።

እውነተኛ ዝምድና ያለን በስም ላይ ይመስለኛል። ትሬቨር በተወለደበት በዚያው በ1984፣ በኅዳር ወር፣ «ዘመቻ ሙሴ» ተጀመረ። በዚያ ጊዜ ከሱዳን የመጡ ብዙ ወገኖቻችን እዚህ ሲመዘገቡ ስማቸው ወደ ዕብራይስጥ ተቀየረ። የእናቴንም ስም አንድ ጸሐፊ በአንድ ደቂቃ ለወጠው። እሷ የተወለደችው ሁለት ልጆች ከሞቱ በኋላ ስለነበር ስሟ ካሳ የሚል ትርጉም ነበረው፤ አዲሱ ስሟ ለጸሐፊው አፍ ይመቻል፣ ሌላ ሙያ የለውም። ፓትሪሺያ ያደረገችው የዚህ ተቃራኒ ነው። በኮሳ ባህል እንደኛው ስም ያለ ትርጉም አይወጣም። የእሷ ስም «ኖምቡይሴሎ» መልሳ የምትሰጥ እንደ ማለት ነው፤ ዕድሜዋንም ሁሉ ለቤተሰቡ ስትሰጥ ኖራለች። ለልጇ ግን ሆን ብላ ምንም ትርጉም የሌለው፣ በቤተሰቡም ሆነ በመጽሐፍ ቅዱስ የሌለ ስም መረጠች፤ ትሬቨር። ማንም አስቀድሞ ዕጣውን እንዳይጽፍበት ነው። አንዱ ስም ለነፃነት ተብሎ በእናት እጅ ባዶ ተደረገ፣ ሌላው ለመዝገብ ተብሎ በጸሐፊ እጅ።

ቋንቋም እንዲሁ። ፓትሪሺያ ልጇ መጀመሪያ እንግሊዝኛ አፉን እንዲፈታ አደረገች፤ በሩ በዚያ እንደሚከፈት ታውቃለች። አንድ ቀን ሱቅ ገብተው ባለሱቁ ዘበኛውን በአፍሪካንስ «እነዚህን ጥቁሮች ተከተላቸው» ዓይነት ነገር ሲለው፣ ዘወር ብላ በጠራ አፍሪካንስ ትመልስለታለች፤ ሰውየው ይቅርታ ይጠይቃል። ልጁ ከዚያ ተምሮ ዙሉም ጽዋናም ያወራል። ያስቀናል፤ በእኛ ቤት ነገሩ ተገልብጧልና። ኩፓት ሆሊም ውስጥ ለእናቱ ያስተረጎመ የስምንት ዓመት ልጅ ከመካከላችን ያልሆነ ማን ነው? በኖዋ ቤት ቁልፉን የያዘችው እናት ናት፣ በእኛ ቤት ግን ቁልፉ ልጁ ኪስ ውስጥ ገባ። እናቶቻችን ደካሞች ሆነው አይደለም፤ የነበራቸው ቁልፍ እዚህ በር ላይ አልገባም እንጂ። በነገራችን ላይ ከቻላችሁ በድምፅ የተቀዳውን ስሙት፤ ራሱ ነው የሚያነበው፣ ቋንቋዎቹንም በየአነጋገራቸው ያሰማችኋል።

ስለ ዱላው ብዙ አልልም። እናቱ ትገርፈዋለች፣ እሱም የሩጫ ውድድር አድርጎ ያስቀናል። ቤት ውስጥ ካልቀጣሁት ፖሊስ ይቀጣዋል የሚለው ፍርሃቷ እኛም ቤት የሚታወቅ ነው፤ በ2015ና በ2019 በፖሊስ ጉልበት ምክንያት በየጎዳናው ከወጣን በኋላማ የበለጠ። መጽሐፉ ግን ፍርሃቱን ትቶ ሩጫውን ብቻ ያስቃል። ከዱላው ይልቅ የወደድኩት ደብዳቤውን ነው፤ እናትና ልጅ ሲጣሉ አንዳንዴ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። ለታላቅ መልስ መስጠት ነውር በሆነበት ቤት ላደገ ሰው፣ የልጇን ክርክር በጽሑፍ ተቀብላ በጽሑፍ የምትመልስ እናት ተአምር ናት።

አንድ ምዕራፍ ላይ ደግሞ ብዙዎቻችሁ መጽሐፉን ትወረውሩት ይሆናል። ሂትለር የሚባል ጥቁር ጭፈረኛ ጓደኛ አለው፤ ትሬቨር ሙዚቃ እያጫወተለት አንድ የአይሁድ ትምህርት ቤት ውስጥ ይጨፍራል፣ እነ ትሬቨርም ስሙን እየጠሩ ያጅቡታል። አትወርውሩት። የጥቁሮች ትምህርት ቤት ለጥቁር ልጅ ታሪክን እንዳያገናዝብ አድርጎ ያስተምር እንደነበር፣ ወላጆችም የፈረንጅ ስም ትርጉሙን ሳያውቁ ያወጡ እንደነበር ያሳያል። መምህርቷ ስለ አንድ ነገር ትቆጣለች፣ ትሬቨር ስለ ሌላ ነገር ይመልስላታል፤ ሁለቱም የተሰደቡ ይመስላቸዋል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። የማልቀበለው ማብራሪያውን ነው፤ የሆሎኮስት ሙታን የታወቁት ናዚዎች ስለቆጠሯቸው ነው፣ የአፍሪካ ሙታን ግን ቆጣሪ አላገኙም ይላል። ስለ አፍሪካ ያለው እውነት ነው። ነገር ግን በምሥራቅ አውሮፓ ጉድጓድ አፋፍ ላይ የተረሸኑትን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ስም ገዳዮቻቸው አልጻፉም። የያድ ቫሼም የምስክር ወረቀቶች የተሞሉት የተረፉ ዘመዶች አንድ በአንድ ተቀምጠው ስለጻፏቸው ነው። እኛ ይህን ማንም ሳይነግረን ማወቅ ያለብን ሰዎች ነን። በሱዳን መንገድ የቀሩት ወገኖቻችን 4,000 ያህል ናቸው ይባላል፤ ስማቸው የሚታወቀው የሱዳን መንግሥት ስለመዘገበ ሳይሆን እናቶችና እህቶች ስላልረሱ ነው። ቆጠራ የገዳይ ሥራ አይደለም።

ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ስንመጣ ግን የቀልዱ ጉልበት ያልቃል። ፓትሪሺያ አቤል የሚባል መካኒክ አገባች። ይጠጣል፣ ይመታታል። መጀመሪያ ሲመታት ልጇን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ፖሊሶቹ «ምን አድርገሽው ነው?» አሏት፤ ክሱን ሊጽፉ አልፈለጉም። በኋላ አቤል ራሱ መጣና ከፖሊሶቹ ጋር እንደ ወንድማማች ተጫውተው ተለያዩ። ደግማ ሄደች፤ እንደዚያው ሆነ። በ2009፣ ከተለያዩ በኋላ፣ ጭንቅላቷን በጥይት መታት። በተአምር ተረፈች።

ጓደኛዬ «ወንድ ናት» ስትል ያላስተዋለችው ይህን ይመስለኛል። ፓትሪሺያ ሰው ነሽ ያላላትን መንግሥት በጋውንና በጎረቤት አልፋዋለች። አዲሱ ሥርዓት መጥቶ፣ ዜጋ ሆና፣ የፖሊስ ጣቢያ በር ክፍት ሆኖ ስትገባ ግን ብልሃቷ ሁሉ አልሠራም። የተጻፈውን ሕግ አጥንታ ቀዳዳውን አገኘች፤ ጠረጴዛው ወዲያና ወዲህ በቆሙ ወንዶች መካከል ያለው ያልተጻፈ ስምምነት ግን ቀዳዳ የለውም። እዚያ ጋ የሚያስፈልገው የእሷ ጥንካሬ አልነበረም፤ ክሱን የሚጽፍ አንድ ፖሊስ ነበር።

እኛ ቤት ይህ «ገመና» ይባላል። ገመና ይሸፈናል፤ ሽማግሌ ይገባል፣ ባል ይመከራል፣ ሚስት «ቻይው» ትባላለች። ሽማግሌዎቻችን ያስታረቁት ብዙ ትዳር አለ፤ ክብራቸውን አልነካም። ነገር ግን በባሎቻቸው እጅ ያለቁ ሴቶች በማኅበረሰባችን ውስጥ እንዳሉ ሁላችን እናውቃለን፤ ከእነዚህ በአንዷ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ «ጠንካራ ነበረች፤ ሁሉን ችላ የኖረች» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ትሬቨር የሆስፒታሉን ትዕይንት የሚዘጋው በቀልድ ነው፤ የቆሰለችው እናቱ ራሷ ቀልዳ ታስቀዋለች። አስለቅሶ ያስቃል፣ ፊልም ቢሆን ሰው ያጨበጭባል። እኔ ግን እዚህ ላይ ፈጠነ እላለሁ። ቀልዱ የእሷ ነው፣ እሺ፤ ከቀልዱ በፊት ስላሳለፈቻቸው ዓመታት ግን በራሷ አንደበት ስትናገር አንሰማትም። መጽሐፉ ሙሉውን ስለ እሷ ሆኖ ሁልጊዜ ልጇ ቆሞ ካየበት ቦታ ነው የምናያት፤ እንደ ፎቶግራፎቹ ከኋላ ናት። አቤል የመግደል ሙከራ ማድረጉን አምኖ ሦስት ዓመት በገደብ ተለቀቀ፤ አንድ ቀን አልታሰረም። ይህን ትሬቨር ጥቂት መስመር ብቻ ሰጥቶት ያልፋል። በ1984 ፓትሪሺያ ከሮበርት ጋር ተይዛ ቢሆን ኖሮ እስከ 7 ዓመት ልትታሰር ትችል ነበር።